ስለ አሜሪካ የሚወራውና በሕግ የተጻፈው

አንድ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚጮህ ስልክ በእኛ ቤት መርዶ ነው፤ ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። የደወለው አሜሪካ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነበር። ደግነቱ የሞተ ሰው የለም። «ጋሼ፣ መቼም እርስዎ ሕግ ተምረዋል፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» ብሎ ጀመረ። ግሪን ካርድ ከያዘ አምስት ዓመት አልፎታል። የዜግነት ማመልከቻውን ሲሞላ፣ በምርጫ ለመሳተፍ ተመዝግቦ ወይም ድምፅ ሰጥቶ ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቅ ጥያቄ ገጠመው። እሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 በተካሄደው ምርጫ ተሰልፎ መርጧል። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ፎቶግራፍም ተነሥቷል።

«መምረጥ ትችላለህ ያለህ ማነው?» አልኩት።

«ሁሉም ሰው ነዋ! ግሪን ካርድ ያለው፣ ግብር የሚከፍል ሰው ይመርጣል ይላሉ። ደግሞ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ የመራጭነት መመዝገቢያውን የሰጡኝ ራሳቸው ናቸው።»

እኔ የተማርኩት የአገራችንን ሕግ እንጂ የአሜሪካን አይደለም። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ነገርኩት፤ እንዳይዋሽ፣ እዚያው ያለ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክርም ምንም ነገር እንዳይፈርም። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ ስላልወሰደኝ፣ ሕጉ ምን እንደሚል መመርመር ጀመርኩ። አንዱ ሌላውን እየጎተተ፣ በለቅሶ ቤት፣ በካፌና በታክሲ ስለ አሜሪካ የምንሰማውን ከተጻፈው ጋር ማስተያየት ያዝኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው። (ኢትዮጵያዊ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ድምፅ መስጠት የሚችለው ማነው?

የእህቴ ልጅ የሰማው ወሬ ሙሉ በሙሉ ከአየር የተፈጠረ አይደለም። ወሬ ብዙውን ጊዜ ግማሽ እውነት ነው፤ የሚጎዳውም የጎደለው ግማሽ ነው። በሜሪላንድ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ የምትገኘው ታኮማ ፓርክ የተባለች ትንሽ ከተማ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿ በከተማዋ ምርጫ እንዲሳተፉ ፈቅዳለች። የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤትም በ2022 ተመሳሳይ ሕግ አውጥቷል። እነዚህ ግን የከንቲባና የከተማ ምክር ቤት ምርጫዎች ናቸው። ለፕሬዚዳንት፣ ለሴኔትና ለተወካዮች ምክር ቤት በሚደረግ ምርጫ ዜጋ ያልሆነ ሰው ድምፅ እንዳይሰጥ በ1996 የወጣ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስራት ይደርሳል። ዋናው መዘዝ ግን እስራቱ አይደለም። በሕገወጥ መንገድ ድምፅ የሰጠ የውጭ ዜጋ ከአገር ሊባረር ይችላል፤ ድምፅ ለመስጠት ሲል «ዜጋ ነኝ» ብሎ ከፈረመ ደግሞ፣ ከጠባብ ልዩ ሁኔታ በስተቀር፣ ዕድሜ ልኩን የመግቢያ ፈቃድ ሊያሳጣው የሚችል ጥፋት ፈጽሟል።

«ራሳቸው ሰጡኝ» ያለውም እውነት ነው። በ1993 በወጣ ሕግ መሠረት፣ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የመንጃ ፈቃድ ማመልከቻ የመራጭነት መመዝገቢያም ሆኖ ያገለግላል። ሕጉ የወጣው ዜጎች እንዳይጉላሉ ታስቦ ነው። መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ ለተሰለፈው ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ቅጹ ላይ «የአሜሪካ ዜጋ ነህ?» የምትል ትንሽ ሣጥን አለች። እንግሊዝኛው ገና ያልተስተካከለለት፣ ከኋላው ሰልፍ የሚገፋው ሰው ሁሉንም ሣጥን «አዎ» ብሎ ይሞላል። ሕጉ ደግሞ ቅጹን ማን ሰጠህ ብሎ አይጠይቅም፤ የሚያየው ማን እንደፈረመ ነው።

ጠበቃዋ የእህቴን ልጅ ማመልከቻውን እንዲያዘገየውና ከአሜሪካም እንዳይወጣ መከረችው፤ ሲመለስ በአውሮፕላን ማረፊያ ሊጠየቅ ይችላልና። እህቴ ይህን ለጎረቤት መናገር ስለማትፈልግ «ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች። በታናሽ እህቱ ሠርግ ላይ ስንፈልገው በስልክ ስክሪን ነው ያየነው።

አስገራሚው ነገር፣ በዚሁ ጉዳይ ላይ አሜሪካውያኑ ራሳቸው በተቃራኒው አቅጣጫ የሚያምኑት ሌላ ወሬ መኖሩ ነው። ዶናልድ ትራምፕ በ2016 ምርጫ ማግስት ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን የሚሆኑ ሕገወጥ ድምፆች ተሰጥተዋል አሉ። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽን በ2017 ተቋቋመ፤ በ2018 መጀመሪያ ላይ አንዳች ማስረጃ ሳያቀርብ ፈረሰ። በሪፐብሊካን ባለሥልጣን የሚመራው የጆርጂያ የምርጫ ጽሕፈት ቤት በ2024 መዝገቡን ሲመረምር፣ ከ8.2 ሚሊዮን ተመዝጋቢዎች መካከል ዜጋ ያልሆኑ 20 ሰዎች አገኘ። ሃያ ሰዎች! ከእነዚህ ሃያ መካከል ስንቶቹ እንደ እህቴ ልጅ መስኮት ላይ በችኮላ የፈረሙ ይሆኑ? እኛ ዘንድ «ሁሉም ይመርጣል» ይባላል፤ እነሱ ዘንድ «ስደተኛው ምርጫውን ሰረቀ» ይባላል። ሁለቱም ወሬዎች የሚያርፉት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው።

ወሬ ከላይ ሲወርድ ምን ያህል እንደሚፈጥን ለማየት የኦሃዮዋ ስፕሪንግፊልድ ትበቃለች። መስከረም 10 ቀን 2024 በተካሄደው የፕሬዚዳንታዊ ዕጩዎች ክርክር ላይ፣ ወደ 67 ሚሊዮን ሕዝብ እየተመለከተ፣ በዚያች ከተማ የሚኖሩ የሄይቲ ስደተኞች የሰው ውሻና ድመት ይበላሉ ተባለ። የከተማው አስተዳደር እምነት የሚጣልበት አንድም ሪፖርት እንደሌለ ተናግሯል። ከእነዚህ ሄይቲያውያን አብዛኞቹ በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖሩና በፋብሪካ የሚሠሩ ነበሩ። በሚቀጥሉት ቀናት ከ30 በላይ የቦምብ ዛቻዎች ወደ ከተማዋ ደረሱ፤ ትምህርት ቤቶች ባዶ ሆኑ። የክፍለ ግዛቱ ገዥ፣ እሳቸውም ሪፐብሊካን ናቸው፣ ዛቻዎቹ ሁሉ ሐሰት እንደነበሩ አስታወቁ። ይሁን እንጂ ልጅን ከክፍሉ አስወጥቶ ግቢ ላይ ለማቆም የቦምቡ እውነተኛ መሆን አያስፈልግም።

ሁለት ሕግ በአንድ መንገድ ላይ

ከአሜሪካ ወሬዎቻችን ብዙዎቹ የሚመነጩት ከአንድ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ መንግሥት፣ አንድ ሕግ፣ አንድ አዛዥ ያለ ይመስለናል። ከታሪካችን የለመድነውም ይኸው ስለሆነ አይፈረድብንም። «አሜሪካ ፈቀደች»፣ «አሜሪካ ከለከለች» ስንል ማን ማለታችን እንደሆነ አንጠይቅም። እዚያ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በሁለት ሕጎች ሥር ይኖራል፤ በሚኖርበት ክፍለ ግዛት ሕግና በፌዴራሉ ሕግ። ሁለቱ አንዳንዴ ፊት ለፊት ይጋጫሉ።

ማሪዋናን እንውሰድ። ኮሎራዶ በ2012 በሕዝብ ድምፅ ፈቀደችው፤ ዴንቨር ውስጥ እንደ መድኃኒት ቤት መብራት የበራላቸው ሱቆች በግልጽ ይሸጡታል። እስከ 2024 ድረስ 24 ክፍለ ግዛቶች ለአዋቂዎች ፈቅደዋል። ስለዚህ «አሜሪካ ውስጥ ሕጋዊ ነው» የሚለው የወገናችን ልጅ እዚያ ሱቅ ሊቀጠር ይችላል፤ ግብር ከደመወዙ ተቆርጦ ባንክ ይገባለታል። ነገር ግን ዜግነት የሚሰጠው ኮሎራዶ አይደለችም። የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ክፍለ ግዛቱ ቢፈቅድም እንኳ ማሪዋና መያዝና በዚያ ንግድ መሥራት ለዜግነት የሚያስፈልገውን የመልካም ጠባይ መመዘኛ ሊያሳጣ እንደሚችል ገልጿል። አንድም ቀን ፖሊስ ያላስቆመው ሰው፣ በቃለ መጠይቁ ወንበር ላይ ተቀምጦ የት እንደሚሠራ በቅንነት ሲናገር ፋይሉ ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው።

ጽንስ ማስወረድም እንዲሁ ነው። በ2022 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ሲሰማ እዚህ «አሜሪካ ጽንስ ማስወረድን ከለከለች» ተብሎ ተዘገበ። ፍርድ ቤቱ ያለው፣ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ይህን መብት አያረጋግጥም፤ ጉዳዩን ክፍለ ግዛቶችና የተመረጡ ወኪሎች ይወስኑ ነው። ዛሬ በቴክሳስ ወንጀል የሆነው በካሊፎርኒያ በሕግ የተጠበቀ መብት ነው።

የፕሬዚዳንቱ ሥልጣንም በዚሁ መነጽር መታየት አለበት። «ፕሬዚዳንቱ ከፈለገ ያስፈታዋል» ሲባል እሰማለሁ። የይቅርታ ሥልጣኑ በሕገ መንግሥቱ የተሰጠው በፌዴራል ወንጀሎች ላይ ብቻ ነው። ትራምፕ በጥር 2025 ወደ ሥልጣን በተመለሱበት ዕለት በካፒቶሉ ወረራ ለተከሰሱ ወደ 1,500 ለሚጠጉ ሰዎች ይቅርታ ማድረግ የቻሉት ክሶቹ ፌዴራል ስለነበሩ ነው። በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት በ2024 በራሳቸው ላይ የተሰጠውን የ34 ክሶች የጥፋተኝነት ውሳኔ ግን በይቅርታ ሊሰርዙት አይችሉም። በአገሪቱ ከፍተኛውን ወንበር የያዘ ሰው በገዛ ጉዳዩ ላይ እንደ ማንኛውም ተከሳሽ ይግባኝ ማለት ነው ያለው አማራጭ። ገዥዎችንም ፕሬዚዳንቱ አይሾማቸውም፣ አይሽራቸውም፤ የየክፍለ ግዛቱ ሕዝብ ይመርጣቸዋል።

በነገራችን ላይ «ኢምፒችመንት» የሚለውን ቃል «ከሥልጣን ተነሣ» ብለው የሚተረጉሙ ጋዜጠኞቻችን ቢያርሙት መልካም ነው። ቃሉ ክስ መመሥረት ማለት ነው። ጆንሰን በ1868፣ ክሊንተን በ1998፣ ትራምፕ በ2019ና በ2021 ተከሰዋል፤ ሴኔቱ አንዳቸውንም አላስወገደም። ኒክሰን በ1974 የለቀቁት ምክር ቤቱ ክሱን ከማጽደቁ በፊት በገዛ ፈቃዳቸው ነው።

ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል?

ያሸንፋል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በ2000 አል ጎር ከጆርጅ ቡሽ ወደ 540 ሺሕ የሚጠጋ ብልጫ ነበራቸው፤ ፕሬዚዳንት የሆኑት ግን በፍሎሪዳ በ537 ድምፅ የበለጡት ቡሽ ናቸው። በ2016 ሒላሪ ክሊንተን ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጠው ተሸነፉ። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት በሕግ 538 መራጮች ናቸው፤ ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በተወካዮች ምክር ቤት ያለውን መቀመጫና ሁለቱን ሴናተሮቹን የሚያህል መራጭ ያገኛል፤ ዋና ከተማዋ ሦስት አላት።

ሁለቱ ሴናተሮች ለትንሹም ለትልቁም እኩል ስለሆኑ ሚዛኑ ይዛነፋል። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ዋዮሚንግ 577 ሺሕ ሕዝብና 3 መራጮች አሏት፤ ካሊፎርኒያ 39.5 ሚሊዮን ሕዝብና 54 መራጮች። ሲካፈል በዋዮሚንግ አንድ መራጭ የሚወክለው 192 ሺሕ ሰው፣ በካሊፎርኒያ 732 ሺሕ ሰው ይሆናል። «አሸናፊው ሁሉንም ይወስዳል» የሚለው ደንብ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንደሌለ ግን ብዙ አሜሪካውያንም አያውቁም። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በራሱ ሕግ ያወጣው ነው፤ ሜይንና ነብራስካ ከዚህ ወጥተው በወረዳ ያከፋፍላሉ።

ከ2020 በኋላ የተነገረው «ምርጫው ተሰረቀ» የሚለውስ? ከ60 በላይ ክሶች ቀርበው ውጤቱን የለወጠ አንድም አልነበረም። ጆርጂያ ድምፁን ሦስት ጊዜ ቆጠረች፤ አንዱን በእጅ። ለሕግ ሰው ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው የስም ማጥፋት ክስ ነው። የምርጫ ማሽን የሚያመርተው ዶሚኒየን የተባለው ኩባንያ ፎክስ ኒውስን ከሰሰ፤ ቴሌቪዥኑ በሚያዝያ 2023 ችሎቱ ሊጀመር ሲል 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። «አሜሪካ ውስጥ ሰው የፈለገውን ይናገራል» ለሚሉ ወዳጆቼ ይህን ቁጥር እጠቅሳለሁ። የመጀመሪያው ማሻሻያ አንቀጽ ተናጋሪውን የሚጠብቀው ከመንግሥት ነው፤ እያወቀ በሐሰት ስሙን ካጎደፈው ሰው ክስ አይጠብቀውም።

የቡናው ሚሊየነር

በሕግ ትምህርት ቤት ሳለን አንድ መምህራችን ሳይቀር የሚቀልዱበት ታሪክ ነበር። አንዲት አሜሪካዊት መኪና እየነዳች የማክዶናልድስ ቡና ራሷ ላይ ደፍታ፣ «ትኩስ ነው» ብላ ከሳ ሚሊየነር ሆነች የሚለው። አሁንም በየታክሲው አለ፤ «እዚያ አገር ወድቀህ ብትሰበር ሀብታም ትሆናለህ» የሚለው ወሬም የዚሁ ልጅ ነው።

ስቴላ ሊቤክ የ79 ዓመት አሮጊት ነበሩ። ነገሩ የደረሰው በየካቲት 1992 በኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ነው። መኪናውን አልነዱም፤ የልጃቸው ልጅ ነበር የሚነዳው፤ እሱም አቁሞት ነበር። ወተትና ስኳር ሊጨምሩ ክዳኑን ሲከፍቱ ቡናው ጭናቸው ላይ ፈሰሰ። ኩባንያው ቡናውን እስከ 82ና 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቆ እንዲቀርብ ያዝዝ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ቆዳ በሴኮንዶች ውስጥ ይላጣል። አሮጊቷ ሦስተኛ ደረጃ ቃጠሎ ደርሶባቸው ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኙ፤ ከሌላ የሰውነታቸው ክፍል ቆዳ ተወስዶ ተተከለላቸው። መጀመሪያ የጠየቁት ለሕክምናና ለተያያዘ ወጪ 20 ሺሕ ዶላር ነበር። ኩባንያው 800 ዶላር አቀረበ። ፍርድ ቤት የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።

በችሎቱ ላይ የታወቀው ነገር የቀልዱን ፊት ያጠፋዋል። ኩባንያው በአሥር ዓመት ውስጥ ከ700 በላይ የቃጠሎ አቤቱታዎች ደርሰውት ሙቀቱን አልቀነሰም። ዳኞቹ (በተራ ሰዎች የተዋቀረው ጁሪ ማለቴ ነው) ጉዳቱን 200 ሺሕ ዶላር ገመቱት፤ አሮጊቷም ሃያ በመቶ ጥፋት አለባቸው ብለው ወደ 160 ሺሕ አወረዱት። በዚያ ላይ 2.7 ሚሊዮን ዶላር የቅጣት ካሣ ጨመሩ። በየጋዜጣው የወጣው ይህኛው ቁጥር ብቻ ነው። የችሎቱ ዳኛ ቅጣቱን ወደ 480 ሺሕ እንደቀነሱት፣ በመጨረሻም ተከራካሪዎቹ በምሥጢር በተያዘ መጠን እንደታረቁ የጻፈው ጥቂት ነው።

ታሪኩ እኛን ይበልጥ የሚያስቀው ለምን እንደሆነ አስቤበታለሁ። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2116 ላይ ለሕሊና ጉዳት የሚሰጥ ካሣ ከአንድ ሺሕ ብር እንዳይበልጥ ይወስናል። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ አንድ ሺሕ ብር ገንዘብ ነበር። ልጁ በመኪና የተገጨበት አባት በዚህ አንቀጽ መሠረት የሚሰጠውን ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል ችሎት የገባ ጠበቃ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወጥቶ የቡናዋን ሴት ታሪክ የሚሰማ ሰው ቢስቅ አይገርምም።

ሕክምናውም እንደዚሁ ሁለት ተቃራኒ ወሬዎች አሉት፤ «ገንዘብ ከሌለህ በር ላይ ትሞታለህ» እና «ድንገተኛ ከሆነ በነፃ ነው»። በ1986 የወጣ ሕግ፣ ከመንግሥት የጤና መድን ክፍያ የሚቀበሉ፣ ድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ማንንም ሰው የመክፈል አቅሙን ሳያዩ እንዲመረምሩና ከአደጋ እንዲያወጡ ያስገድዳል። ሒሳቡ ግን ከሳምንታት በኋላ በፖስታ ቤት ይመጣል። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ወላጆች የጉዞ የጤና መድን ሳይገዙ እንዳይሳፈሩ የምመክረው ለዚህ ነው።

እዚያ የተወለደ ልጅ

በቅርብ የማውቃቸው ባለሙያዎች ሳይቀሩ ገንዘብ አጠራቅመው ሚስቶቻቸውን ለወሊድ ይልኩ ነበር። ስሌቱ «ልጁ ዜጋ ይሆናል፤ እኛንም ይወስደናል» የሚል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ረጅም የሕግ መሠረት ነበረው። የ14ኛው ማሻሻያ አንቀጽ ከ1868 ጀምሮ አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1898 በዎንግ ኪም አርክ ጉዳይ ከቻይናውያን ወላጆች የተወለደውን ልጅ ዜጋ ነው ብሏል። ትራምፕ በጥር 2025 ባወጡት ትእዛዝ፣ አባቱ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ካልሆነ፣ እናቱ በጊዜያዊ ቪዛ ወይም ያለ ፈቃድ ባለችበት የተወለደ ልጅ ይህን እንዳያገኝ አዘዙ። የሥር ፍርድ ቤቶች አገዱት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን ለመመርመር በዲሴምበር 2025 ተቀበለ።

የስሌቱ ሁለተኛ ክፍል ግን ዱሮም ስህተት ነበር። ልጁ ወላጆቹን መጠየቅ የሚችለው 21 ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ ልጁ ለወላጆቹ የመኖሪያ ፈቃድ አይሰጥም፤ ከመባረርም በራሱ አያድናቸውም። ቪዛቸው ካለፈ በኋላ ከ180 ቀን በላይ ቆይተው የወጡ ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይተው የወጡ አሥር ዓመት እንዳይመለሱ ሕጉ ያግዳቸዋል። ከጥር 2020 ወዲህ ደግሞ ዋና ዓላማዋ እዚያ ለመውለድ ነው ብሎ ቆንስሉ ያመነባትን ሴት የጎብኚ ቪዛ ሊከለክላት ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚረሳው የእኛው ሕግ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ጥምር ዜግነትን አይቀበልም። ውጭ አገር በመወለዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ አካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላሳወቀ፣ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። አዲስ አበባ አድጎ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው በገዛ አገሩ የውጭ ዜጋ የሚሆን ልጅ አለ ማለት ነው። ለዚያ ልጅ ይህን የነገረው ወላጅ ስንት ይሆን?

የርዳታው ሒሳብ

የመጨረሻው ወሬ አሜሪካውያን ስለ ራሳቸው የሚያምኑት ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከበጀቱ ምን ያህሉን ለውጭ ርዳታ እንደሚያወጣ በሕዝብ አስተያየት ጥናት ሲጠየቁ፣ በአማካይ ሩብ ያህል ነው ብለው ይገምታሉ። ትክክለኛው ወደ አንድ በመቶ ነው። በ2023 የበጀት ዓመት ወደ 72 ቢሊዮን ዶላር ሆኖ፣ ከጠቅላላው 1.2 በመቶ ገደማ ነበር። ከተቀባዮቹ ከዩክሬንና ከእስራኤል ቀጥሎ ኢትዮጵያ ወደ 1.8 ቢሊዮን በሚጠጋ ዶላር ሦስተኛ ነበረች።

እኛም ዘንድ ወሬ አለ፤ «ትርፍ ስንዴያቸውን ነው የሚጥሉልን» የሚል። ግማሹ እዚህም እውነት ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1954 የፈረሙት የምግብ ርዳታ ሕግ አንዱ ዓላማ ትርፍ ምርት ማንሣት ነበር፤ የምግብ ርዳታው ግማሽ ያህልም በአሜሪካ መርከቦች እንዲጫን ሕግ ያስገድዳል። ስለዚህ ከገንዘቡ ብዙው ወደ ካንሳስ ገበሬና ወደ መርከብ ባለቤቱ ይመለሳል። ይህ ግን ስንዴውን ስንዴ ከመሆን አላገደውም። ሁለት የተጨባበጡ እጆች የታተሙበት የዘይት ቆርቆሮ በስንቱ ቤት ውኃ መቅጃ፣ በስንቱ በረንዳ የአበባ መትከያ ሆኖ እንደኖረ እኛ እናውቃለን።

ርዳታውን የሚያስተዳድረው ዩኤስኤይድ ሐምሌ 1 ቀን 2025 ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት መሆኑ አበቃ፤ የቀሩት ሥራዎች ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ተዛወሩ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በተደረገ ጥናት፣ «ለውጭ ርዳታ የሚወጣው ገንዘብ በዝቷል» ያሉት 58 በመቶ ነበሩ። ከበጀቱ አንድ በመቶ ያህል ብቻ መሆኑ ከተነገራቸው በኋላ እንደገና ሲጠየቁ፣ በዝቷል ያሉት 34 በመቶ ሆኑ።